የእርግዝና ክትትል ላይ ቂጥኝ ተገኘብኝ፤ ባለቤቴ ግን ነፃ ነው ተባለ። ይህ እንዴት ይሆናል?

ባለ_አምስት_ወር (ሐዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስሜን ሳልገልጽ መግባቴን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የምጠይቀው ነገር በስም የሚጠየቅ አይደለም።

የመጀመሪያ ልጄን ፀንሻለሁ፣ አምስት ወር ሞልቶኛል። ጤና ጣቢያ ክትትል ስጀምር እንደማንኛዋም ነፍሰ ጡር ደም ሰጠሁ። ኤች አይ ቪ ነፃ፣ የጉበት ቫይረስ ነፃ ተባልኩ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አዋላጇ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቂጥኝ ያሳያል፤ ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ነበር የመሰለኝ። ቁስል የለኝም፣ ፈሳሽ የለኝም፣ አሞኝም አያውቅም።

ባለቤቴ ሳያንገራግር መጥቶ ተመረመረ። እርሱ ነፃ ነው። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ከዝምታ በቀር የቀረ ነገር የለም። አማቴ አብራን ስለምትኖር በግልጽ መጨቃጨቅ እንኳ አልቻልንም። ከእርሱ በፊት አንድ ሰው ነበረኝ፤ ይህንንም ባለቤቴ ያውቃል። ከተጋባን አራት ዓመት አለፈን። ከጋብቻ ወዲህ ሌላ ወንድ አላውቅም፤ በማኅፀኔ ባለው ልጅ እምላለሁ።

እህቴ «ሽንት ቤት በጋራ ስለምትጠቀሙ ነው» ትላለች። በተከራየንበት ግቢ ስድስት ቤተሰብ ያለው አንድ መጸዳጃ ነው። ይህ ሊሆን ይችላል? እርሱስ እንዴት ነፃ ሆነ? ልጄስ ምን ይሆናል?

የሰፈር_እናት

አይዞሽ ልጄ። እህትሽ እውነቷን ነው። የጋራ ሽንት ቤት የማያመጣው ጉድ የለም፤ እኔ ለልጆቼ «ሳትቀመጡ» እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው። ሞቅ ባለ ውሃ ጨው ጨምረሽ ጠዋትና ማታ ታጠቢ። ባልሽንም አትቆጪው፤ ወንድ ልጅ ሲደነግጥ ዝም ይላል።

የማይክሮስኮፕ_ሰው (የላብራቶሪ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

እማማ፣ ምክርዎ ከእናት አንጀት እንደ ወጣ አይጠፋኝም። በሽንት ቤቱም በጨው ውሃውም ግን አልስማማም።

ቂጥኝን የሚያመጣው ባክቴሪያ ትሬፖኔማ ፓሊደም ይባላል። ከሰው ገላ ውጭ ድርቀቱንም ብርዱንም አይችልም፣ ቶሎ ይሞታል። ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለመረዳት ይህን ብቻ ማየት ይበቃል፦ በርሊን ላይ በ1905 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታወቀ፤ ከሕያው እንስሳ ገላ ውጭ፣ በላብራቶሪ ውስጥ ሳያቋርጥ እንዲራባ ማድረግ የተቻለው ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ሙቀቱና ምግቡ ተመቻችቶለት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቸገረ ተህዋሲ በሽንት ቤት ሲሚንቶ ላይ ሰው አይጠብቅም። የሚተላለፈው ቆዳ ከቁስል ጋር በቀጥታ ሲነካካ ነው፤ በብልት፣ በፊንጢጣ ወይም በአፍ በሚደረግ ግንኙነት። ቁስሉ ከንፈር ላይ ከሆነ መሳሳምም ይበቃዋል። ከእናት ወደ ፅንስም ያልፋል። በደምም ይተላለፋል፤ ለዚህ ነው ደም ባንክ የተለገሰውን ደም ከኤች አይ ቪና ከሁለቱ የጉበት ቫይረሶች ጋር ለቂጥኝም የሚመረምረው።

እህቴ፣ «አሞኝ አያውቅም» ያልሽው አያስገርመኝም። ተህዋሲው ከገባ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ በገባበት ቦታ አንድ ቁስል ይወጣል። ይህ ቁስል አያምም። ወንድ ላይ ከሆነ ይታያል፤ ሴት ላይ ማኅፀን በር አካባቢ ከሆነ ማን ያየዋል? ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ያለ መድኃኒት ይድናል፤ ሰውም «ተገላገልኩ» ይላል። ከሳምንታት በኋላ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ፣ የማያሳክክ ሽፍታ ዋና መለያው ነው። እርሱም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ለዓመታት ድምፁን ያጠፋል፤ በደም ምርመራ ካልሆነ አይገኝም። ካልታከመ ከብዙ ዓመት በኋላ ልብን፣ አንጎልን፣ አጥንትን ሊያጠቃ ይችላል።

አሁን የባለቤትሽ ነገር። ቂጥኝ በግንኙነት በቀላሉ የሚተላለፈው በመጀመሪያው ዓመት አካባቢ፣ ቁስሉና ሽፍታው በሚመላለሱበት ጊዜ ነው። ድምፁን ካጠፋና ዓመት ካለፈው በኋላ ወደ ባል ወይም ወደ ሚስት መተላለፉ እየራቀ ይሄዳል። ወደ ፅንስ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሊያልፍ ይችላል። ከጋብቻ በፊት የያዘሽ ከሆነ አንቺ ፖዘቲቭ፣ እርሱ ኔጌቲቭ፣ ልጁ ደግሞ አደጋ ላይ መሆን ይቻላል፤ ማንም ማንንም ሳይዋሽ።

የጨው ውሃው ይቅር። ውስጥን መታጠብ የብልትን ተፈጥሯዊ መከላከያ ያጠፋል እንጂ በደም ውስጥ ያለውን ተህዋሲ አይነካውም።

ቁርጡን_ተናጋሪ

ነገር አታድበስብሱ። ይህ በሽታ በነፋስ አይመጣም። ወይ እርሷ፣ ወይ እርሱ። አንዱ ዋሽቷል። ሳይንስ ብላችሁ ሰውን አታሞኙ።

አዋላጅ_ነርስ_ነኝ (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ በነፋስ እንደማይመጣ ማንም አልካደም። «አንዱ ዋሽቷል» ለማለት ግን የምርመራው ውጤት ቀን የተጻፈበት መሆን ነበረበት። ውጤቱ ተህዋሲው መቼ እንደ ገባ አይናገርም። በየቀኑ የማየውን ልንገርህ። አንዳንዷ ውጤት የድሮና የታከመ በሽታ አሻራ ነው። አንዳንዷ ያልታከመ፣ ግን ከጋብቻ በፊት የነበረ ነው። አንዳንዱ ባል ኔጌቲቭ የሚሆነው ገና ስለ ተያዘ ነው፤ ደሙ ምልክት እስኪያሳይ ሳምንታት ይፈጃል። ሌላው ደግሞ ለጉሮሮው ወይም ለሌላ ሕመም የወሰደው ፔኒሲሊን፣ ደሙ ገና ምልክት ሳያሳይ፣ ሳያውቀው አክሞት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ መካከል ዳኛ ሆኜ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ብል እዋሻለሁ። «ማን አመጣው» ተብሎ የተጀመረ ጭቅጭቅ ያመጣልኝ ውጤት ቢኖር እናቲቱ ሁለተኛውን መርፌ ሳትወስድ መቅረቷ ነው።

እህቴ፣ ሕክምናው አለ፤ ርካሽም ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለው በመቀመጫ የሚወጋ መርፌ ነው፤ የልብ ሕሙማን ልጆች በየወሩ የሚወጉት ያው መድኃኒት። በሽታው በቅርብ የያዘ መሆኑ ከታወቀ አንድ ጊዜ ይበቃል። እንዳንቺ መቼ እንደ ጀመረ ካልታወቀ ግን በሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሰጣል። አንዱም አይለፍሽ፤ በእርግዝና ጊዜ ከተዘለለ እንደገና ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል። ለነፍሰ ጡር የተረጋገጠው መድኃኒት ፔኒሲሊን ብቻ ነው። ስለዚህ «መርፌ ካስፈራሽ በኪኒን እንለውጠው» የሚልሽ ካለ አትቀበዪ። ፔኒሲሊን ከዚህ በፊት ሰውነትሽን አስቆጥቶት የሚያውቅ ከሆነ ሳትወጊ በፊት ተናገሪ። ባለቤትሽም ኔጌቲቭ ነኝ ብሎ አይቅር፤ መታከም እንዳለበትና ምርመራውን መድገም እንዳለበት ሐኪሙ ይወስናል።

ከወሊድ በፊት ቢያንስ 30 ቀን ሲቀረው ሕክምና የጀመረች እናት ለልጇ ጊዜ ሰጥታዋለች እንላለን። አንቺ አምስተኛ ወርሽ ላይ ነሽ፤ ጊዜው አለሽ። ያልታከመ ቂጥኝ ግን ቀልድ አይደለም። ካልታከሙት እናቶች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ፅንሱ ይጨነግፋል፣ ሞቶ ይወለዳል፣ ያለ ጊዜው ይወለዳል ወይም ታሞ ይወለዳል።

ከጅዳ_ማዶ

ይህን ሳነብ የራሴ ታሪክ መሰለኝ። ወደ ዓረብ አገር ከመሄዴ በፊት ለጉዞ የሚደረገውን ምርመራ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አደረግሁ። የኤች አይ ቪ፣ የጉበት፣ የሳንባ፣ የእርግዝና ምርመራው ሁሉ አለፈ። ቲፒኤችኤ የሚባለው ላይ «ፖዘቲቭ» ብለው ወረቀቴን መለሱልኝ። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ታክሜ ነበር፤ ሦስቱንም መርፌ ወስጄ፣ ካርዴ ላይ ተጽፎ። «ታክሜያለሁ» ብል ማን ይሰማል! ለደላላ የከፈልኩት ገንዘብ ውሃ በላው። የተሳካልኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እስካሁን ያልገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ታክሜ ከዳንኩ ለምን ደሜ ያሳያል?

የማይክሮስኮፕ_ሰው

የእህታችን ጥያቄ ለባለ አምስት ወሯም ስለሚጠቅም ልዘርዝረው።

የቂጥኝ የደም ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰውነት በተህዋሲው ላይ ያመረተውን መከላከያ ይፈልጋል። ቲፒኤችኤም፣ በጤና ጣቢያ ከጣት ደም ተወስዶ በደቂቃዎች የሚታየው ፈጣን ምርመራም ከዚህ ወገን ናቸው። ይህ መከላከያ አንዴ ከተፈጠረ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። «ይህ ሰው አንድ ቀን ቂጥኝ ነክቶት ያውቃል» ይላል፤ «ዛሬ ታሟል» አይልም።

ሁለተኛው ወገን ቪዲአርኤልና አርፒአር ናቸው። እነዚህ በሽታው ሲነቃ ይወጣሉ፣ ሲታከም ይወርዳሉ፤ ውጤታቸውም በቁጥር ይጻፋል። ከሕክምና በፊት 1፡32 የነበረ ከወራት በኋላ 1፡8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሕክምናው ሠርቷል። የእነርሱ ድክመት ደግሞ አንዳንዴ ቂጥኝ በሌለበት ማሳየታቸው ነው፤ ወባ፣ አንዳንድ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ አልፎ አልፎ እርግዝና ራሱ ሊያሳስታቸው ይችላል። አንዱ ለሌላው ምስክር እንዲሆን ሁለቱም ቢሠሩ መልካም ነው። በብዙ ጤና ጣቢያ ግን አንዱ ብቻ ይገኛል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ማረጋገጫ እየጠበቁ ከማቆየት ወዲያውኑ ማከም ይሻላል።

የጅዳዋ እህቴ፣ በአንቺ ላይ የተደረገው ምርመራ ስህተት አልነበረም፤ ስህተቱ ንባቡ ላይ ነው። የታከምሽበትን ካርድ አትጣይው። የቪዲአርኤሉን ቁጥርም ጠይቀሽ ከእርሱ ጋር አስቀምጪ።

የመድረኩ_አወያይ

ሁለት አስተያየቶችን ሰርዘናል። እዚህ ስለ በሽታ እንወያያለን፤ ስለ ጠያቂዋ ጠባይ የሚወያይ ሌላ መንደር ይፈልግ።

ነርስ_በሜሪላንድ

ብዙ ሰው ይህን የድሃ አገር በሽታ ሲያደርገው ስለምሰማ ነው የገባሁት። እኔ በምሠራበት አገር፣ በአሜሪካ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ3,700 በላይ ሕፃናት ከነቂጥኛቸው ተወልደዋል። ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው አሥር እጥፍ በላይ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እናቲቱ በጊዜ ብትመረመርና ብትታከም ሊቀር የሚችል እንደነበር የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ራሱ ተናግሯል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ያ መርፌ አጥሮ ላላረገዙት ሌላ መድኃኒት እየሰጠን፣ ያለንን ለነፍሰ ጡሮች እንቆጥብ ነበር።

የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ደህና ሊመስል ይችላል። አፍንጫው ሳያቋርጥ የሚፈስ፣ ጉበቱ የሚያብጥ፣ አጥንቱን የሚያመው ሳምንታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እህቴ፣ ስትወልጂ አዋላጆቹ መታከምሽን ይወቁ፤ ልጁም ይመርመር። ሌላ ከተማ ሄደሽ የምትወልጂ ከሆነ ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ።

ባለ_አምስት_ወር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማይክሮስኮፕ ሰው የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማና «ነገ አብረን እንሂድ» አለ። ሄድን፤ ሁለታችንም ተወጋን። መርፌው ከባድ ነው፤ መቀመጥ አቅቶኝ በጎኔ ነው የዋልኩት። ማታውን ግን ትኩሳትና ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴንም አመመኝ። መድኃኒቱ አልተስማማኝም ማለት ነው? ደግሞም አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር መቼ መተኛት እንችላለን?

አዋላጅ_ነርስ_ነኝ

የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ ባትጠይቂ ነበር የምቆጣሽ።

ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከአለርጂ የተለየ ነው። ተህዋሲዎቹ በብዛት ሲሞቱ ሰውነት በሰዓታት ውስጥ ይቆጣል፤ በአንድ ቀን ውስጥም ይበርዳል። ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል። ነፍሰ ጡር በመሆንሽ ግን ምጥ መሰል ቁርጠት ከመጣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከመጣ ያ አለርጂ ነው፤ እርሱም ሳይዘገይ ይታይ። ሁለተኛውን መርፌ ስትሄጂ ስለ ትኩሳቱ ንገሪያቸው።

መተኛቱን በተመለከተ፣ የሁለታችሁም ሕክምና እስኪያልቅና ቁስል ካለ እስኪደርቅ ቆዩ። ቂጥኝ አንዴ ታክመሽው ስለዳንሽ ዳግመኛ አይይዝሽም ማለት አይደለም። አንዱ ታክሞ ሌላው ሳይታከም ከቀረ በሽታው በቤት ውስጥ ሊመላለስ ይችላል።

የሞያሌ_መንገድ

እኔ ከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። የምጠይቀው ለጓደኛዬ ነው። በየጥቂት ወሩ ሽንት ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግልም ይወጣዋል። ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ተቀምጦ ውሎ የጋለ አስፋልት ላይ በፀሐይ ስለሚሸና ነው ይላል፤ የድሮ ሰዎችም እንዲሁ ይላሉ። ከመድኃኒት ቤት ካፕሱል ገዝቶ ይውጣል፣ ለጥቂት ጊዜ ይተወዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ነው?

አዋላጅ_ነርስ_ነኝ

«ጓደኛህን» ሰላም በልልኝ።

ፀሐይ ጨብጥ አታመጣም። የጋለ ድንጋይም፣ ጨረቃም፣ ብርድም አያመጡም። ይህን ሁሉ ከአያቶቼ ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ሰው በሽታው የመጣበትን ቦታ መናገር ሲከብደው ፀሐይን ይከሳል። ጨብጥ ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከግንኙነቱ በኋላ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ሴት ላይ ግን ከግማሽ የማያንሱት ምንም ምልክት አያዩም። ጓደኛህ መግሉን አይቶ ይደነግጣል፤ እርሷ የምታየው የለም፤ እርሱ ካፕሱሉን ይውጣል፤ ተመልሶ ወደ እርሷ ወይም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ «ተመለሰብኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ በሽታው አልተመለሰም፤ እንደገና ያዘው።

ሁለተኛው ጣጣ ካፕሱሉ ነው። ድሮ የሚሠራው ቴትራሳይክሊን፣ በኋላም ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ የጨብጥ ባክቴሪያ ለምዷቸዋል። ዛሬ በጤና ተቋም የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን የሚባል መርፌ ነው። ከእርሱም ጋር ክላሚዲያ ለሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ የሚሆን ኪኒን አብሮ ይሰጣል፤ ሁለቱ በሽታዎች ብዙ ጊዜ ተያይዘው ስለሚገኙ፣ ክላሚዲያንም ለይቶ የሚመረምር መሣሪያ በየጤና ጣቢያው ስለሌለ። ለዚህ ነው ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ለሁለቱም የሚያክመው። ጨርሶ ምልክት የሌላት ሴት ግን በዚህ አሠራር ትታለፋለች። ክላሚዲያ ዝም ብሎ የማኅፀን ቱቦዎችን ያቆስላል፤ ከዓመታት በኋላ «ለምን አልወልድም» ብላ የምትመጣውን ሴት ታሪክ ወደ ኋላ ስትቆፍረው አንዳንዴ የምታገኘው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጓደኛህ ብቻውን አይምጣ። አብረውት የተኙት ሁሉ ይታከሙ፤ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ሰባት ቀን ይታገሥ።

አዲስ የተወለዱ ልጆች ዓይን ላይ ለምን ቅባት እንደምናደርግ ብዙ እናቶች ይጠይቁኛል። መልሱ ይኸው ነው። ከእናት ብልት የሚያልፍ ጨብጥ የሕፃኑን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

የሞያሌ_መንገድ

ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ። (ሳቄን አልቻልኩም።) ግን ሲስተር፣ ሚስቱ ደሴ ናት። እንዴት ብሎ ይናገር?

ነርስ_በሜሪላንድ

ወንድሜ፣ ይህንን ማንም በምቾት ተናግሮት አያውቅም። በእኛ ክሊኒክ የምንመክረው አጭር አድርጎ መናገርን ነው፦ «ኢንፌክሽን ተገኘብኝ፤ አንቺም ምልክት ባይኖርሽ ልትመረመሪ ይገባል።» ከዚያ ውጭ ያለው የትዳር ንግግር ነው፤ ሌላ ቀን ይቀጥላል። በኢትዮጵያም ጤና ጣቢያዎች ለሚስት ወይም ለባል የሚሰጥ የጥሪ ወረቀት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ እርሱን ይጠይቅ።

ዝምተኛዋ

እኔ ደግሞ ወፈር ያለ ነጭ ፈሳሽና ማሳከክ አለኝ። ባለቤቴ «ከየት አመጣሽው» እያለ ነው። እኔ በበኩሌ እርሱን ጠርጥሬዋለሁ።

አዋላጅ_ነርስ_ነኝ

ሁለታችሁም ቆዩ። እርጎ መሰል ነጭ ፈሳሽና ብርቱ ማሳከክ አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው፤ እርሱ የአባላዘር በሽታ አይደለም። ፀረ ተህዋሲ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ፣ በእርግዝና፣ በስኳር ሕመም ይመጣል። የዓሣ ሽታ ያለው ስስ ግራጫ ፈሳሽ ደግሞ በብልት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ የሚመጣ ነው። አረፋማ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ትሪኮሞናስን እንጠረጥራለን፤ እርሱ በግንኙነት ይተላለፋል፣ ባልም አብሮ ይታከማል። ይህን ለይቶ የሚነግርሽ ግን የእኔ ጽሑፍ አይደለም። ታይተሽ ነው። እስክትታዪ ድረስ ትዳርሽን አታፍርሺ።

ቁርጡን_ተናጋሪ

እሺ፣ ስለ ቂጥኙ ያላችሁትን ተቀብያለሁ። ስለ ሽንት ቤትስ፣ ምንም በሽታ በዕቃ አይተላለፍም ነው የምትሉት? ፀጉር አስተካካዩ ጋስ?

የማይክሮስኮፕ_ሰው

መልካም ጥያቄ ነው፤ «ምንም» አልልም። ቅማልና እከክ በአንሶላና በፎጣ ይሄዳሉ። ከሁሉ የምፈራው ግን የጉበት ቫይረስ ቢን ነው። በግንኙነት ይተላለፋል፤ በደምም ይተላለፋል፤ ከኤች አይ ቪ በብዙ እጥፍ በቀላሉ የሚጋባ ከመሆኑም በላይ ከገላ ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ያልተቀቀለ መርፌ፣ ንቅሳት፣ ይህ ሁሉ መንገዱ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ፊትህ ሲቀይር እይ። ክትባት አለው። በአገራችን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር አብረው ይወስዱታል፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን አልወሰድንም፤ ተመርምረን ነፃ ከሆንን በክፍያም ቢሆን መከተብ እንችላለን።

ኤች አይ ቪ በምግብ፣ በመሳሳም፣ በሽንት ቤት አይተላለፍም። ይህ ለሰላሳ ዓመት ሲነገር የኖረ ነው። ያልተነገረው አዲሱ ነገር ይህ ነው፦ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በመሣሪያ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የቆየ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። ቁስል የሚያመጡት እንደ ቂጥኝና ኸርፒስ ያሉት ግን ለኤች አይ ቪ በር ይከፍታሉ።

ስም_አይጠሬ

ኸርፒስ ስላነሳህ ልጠይቅ። ኮንዶም እጠቀማለሁ፤ እንዴት ያዘኝ?

የማይክሮስኮፕ_ሰው

ኮንዶም በፈሳሽ የሚተላለፉትን፣ ኤች አይ ቪን፣ ጨብጥን፣ ክላሚዲያን፣ በእጅጉ ይከላከላል። ኸርፒስ፣ ቂጥኝና የብልት ኪንታሮት ግን ከቆዳ ወደ ቆዳ ይሄዳሉ፤ ኮንዶሙ የማይሸፍነው ቦታ ላይ ካሉ አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ኸርፒስ ቁስሉ በማይታይበት ቀንም ሊተላለፍ ይችላል። አፍ ላይ የሚወጣው ምች የምንለው ቁስል ቫይረስም በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ወደ ብልት ሊወርድ ይችላል። ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም፤ አሲክሎቪር ግን ቁስሉን ያሳጥራል፣ ቶሎ ቶሎ ለሚመላለስበት ሰውም ያራርቅለታል። ኮንዶሙን አትተወው።

የሁለት_ሴት_ልጆች_አባት

ትምህርት ቤት የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጡ ነው ተብሎ ወረቀት መጣልን። ታላቋ 12 ዓመቷ ነው። ሰፈር ውስጥ «መካን ያደርጋል» ይባላል። ከዚህ ክር ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላውቅም፤ ሚስቴ ግን «እዚያ ጠይቅ» አለችኝ።

አዋላጅ_ነርስ_ነኝ

በደንብ ይገናኛል። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። 16 እና 18 ቁጥር የሚባሉት ሁለቱ ብቻቸውን ከዚህ ካንሰር 70 በመቶ ለሚሆነው ምክንያት ናቸው፤ 6 እና 11 ደግሞ አብዛኛውን የብልት ኪንታሮት ያመጣሉ። ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ሰውነቱ ያባርረዋል። ቫይረሱ ሳይጠፋ በሰውነታቸው የቆየባቸው ሴቶች ላይ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ካንሰር ሊቀየር ይችላል። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት ካንሰሮች ከጡት ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ ነው።

ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ሳይገባ ነው፤ ለዚህ ነው ለልጅ የሚሰጠው፤ ልጅቱ መጥፎ ጠባይ ስላላት አይደለም። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀመረችው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሰጠች። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጊዜ መከተብ እንደሚበቃ ከተቀበለ ወዲህ ሁለተኛ ቀጠሮ የለም። መካን አያደርግም። እንዲያውም ማኅፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ እርሱን ለማከም ሲባል ማኅፀን ሊወጣ ይችላል። ክንዷ ላይ ትንሽ ያማታል፣ አንዳንዷም በድንጋጤ ይዞርባታል፤ ስለዚህ በባዶ ሆዷ አትላኳት፣ ከተወጋች በኋላም ጥቂት ደቂቃ ትቀመጥ።

አሁን ደግሞ ለእርስዎ ጥያቄ አለኝ። ባለቤትዎ ዕድሜያቸው 30 ሞልቷል? ከ30 እስከ 49 ላሉት ሴቶች በጤና ጣቢያ የማኅፀን በር ምርመራ አለ። በብዙ ቦታ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ተቀብቶ ነው የሚታየው፤ ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ውጤቱም እዚያው ይነገራቸዋል። ታላቋ የምትከተብ ዕለት እናቲቱም ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የሁለት_ሴት_ልጆች_አባት

35 ናት። አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው፤ «ሰኞ እሄዳለሁ፣ ግን ሴት ባለሙያ አለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለች።

አዋላጅ_ነርስ_ነኝ

በብዙ ጤና ጣቢያ ሴት አዋላጆች አሉ። መግቢያው ላይ ካርድ ስታወጣ «በሴት ባለሙያ መታየት እፈልጋለሁ» ትበል፤ መጠየቅ መብቷ ነው። የወር አበባዋ ላይ ከሆነች ግን እስኪያልፍ ትቆይ።